«ግፈኛን በጠመንጃ ማውረድ ይገባል?» ብሎ ሳይጣሉ ለመከራከር፦ ከስድስት ኪሎ እስከ መስቀል አደባባይ

ይህ ጥያቄ አዲስ አበባ ውስጥ ሲነሳ ዕድሜው አጭር ነው። አንዱ «ግፍ ሲበዛ ጠመንጃ ማንሳት ያስኬዳል?» ይላል። ሁለተኛው «የቱን መንግሥት ነው የምትለው?» ይላል። ሦስተኛው የሁለቱንም አባት የትውልድ አገር ያነሳል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ክርክር አይደለም፣ የቆየ ቂም ነው። ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ሰው ተቀያይሞ ይነሳል።

ስለዚህ ጥያቄውን ሳያበላሹ እስከ መጨረሻው የሚከራከሩበትን አንድ መንገድ ልንገራችሁ። መንገድ ስል የእግር መንገድ ማለቴ ነው። ከስድስት ኪሎ ይነሳል፣ በአራት ኪሎ ያልፋል፣ በቤተ መንግሥቱ አጥር ሥር ወርዶ በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥትና በአፍሪካ አዳራሽ በኩል መስቀል አደባባይ ይደርሳል። ማስረጃው ሁሉ ዳር ዳሩን ተደርድሯል። ቁልቁለት ስለሆነም ዕድሜ ለገፋ ሰው አይከብድም። ግማሽ ቀን ይበቃል። (አመፅ እንዴት እንደሚካሄድ የሚያስተምር ነገር የፈለገ ካለ እዚህ አያገኝም። እኔ የምለው እንዴት እንደሚታሰብበት ነው።)

የራሴን አቋም ከወዲሁ ልናገር። «ይገባል» የሚባልበት ጊዜ አለ ብዬ አምናለሁ፤ ጥቂት ነው። ደግሞ አንድ ጊዜ «ይገባል» ስለተባለ ከዚያ በኋላ የሚፈሰው ደም ሁሉ ተፈቀደ ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ግድያ ምክንያቱን እንደ አዲስ ማቅረብ አለበት። እኛ አገር ብዙ ጊዜ የተዘለለው ይኼ ነው። ካልተስማማችሁ እሰየው፣ ጨዋታው ይደምቃል።

ከማን ጋር

አራት ወይም አምስት ሰው ይበቃል። ከዚያ ከበለጠ ስብሰባ ይሆናል፣ ስብሰባ ደግሞ ሰብሳቢ ይፈልጋል፣ ሰብሳቢ ባለበት ሰው የሚያስጨበጭበውን ነው የሚናገረው። ሁሉም አንድ ዓይነት ፖለቲካ ካላቸው አትልፉ፣ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ተስማሙ።

ከተቻለ አንድ ሰው የ1966ቱን አብዮት በዓይኑ ያየ ይሁን። ሰባ የተጠጋ ወይም ያለፈ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ስታገኙ ግን አያያዝ አለው። «ኢሕአፓ ነበሩ ወይስ መኢሶን?» ብላችሁ እንዳትጀምሩ። ሁለቱ የዘመኑ ተቀናቃኝ የግራ ፓርቲዎች ነበሩ፤ ያ ጥያቄ በዚያ ዘመን የሞትና የሕይወት ጥያቄ ነበር፣ ዛሬም ሲሰሙት የሚሸማቀቁ አሉ። «ጋሼ፣ ያኔ የት ሰፈር ነበሩ?» በሉ። ሰፈሩን ከነገሯችሁ ሌላውን ራሳቸው ያመጡታል። ካላመጡት እለፉት። እትዬ ከሆኑ ደግሞ ልጅ ወይም ወንድም የፈለጉ፣ እስር ቤት ስንቅ ያመላለሱ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ስለ ርዕዮተ ዓለም ከመጠየቃችሁ በፊት ስለ ስንቁ ጠይቁ። ከማንኛውም መጽሐፍ የበለጠ ትማራላችሁ። ለቅሶ ቤትና ተዝካር ላይ ግን ይህ ወሬ አይነሳም።

ስልክ ኪስ ውስጥ ይግባ። ቀረጻ የለም፣ ፎቶ የለም፣ «እንትና እንዲህ አለ» ብሎ ማታ መለጠፍም የለም። «ጆሮ ጠቢ» የሚባለውን ነገር የሚያስታውስ ትውልድ ገና አለ። ሰው የሚያስበውን እንዲናገር ከፈለጋችሁ ይህቺን ማክበር ግድ ነው።

አንድ ሕግ ደግሞ ጨምሩ፦ ተረት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። አንዱ «ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ» ይላል፣ ሌላው «ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም» ብሎ ይመልሳል፣ ሁለቱም ትክክል ይመስላሉ፣ ክርክሩ ግን ስንዝር ፈቀቅ አላለም። ተረት የወረወረ ሰው ከኋላው አንድ እውነተኛ ታሪክ ያምጣ።

ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት ጥያቄውን አጥሩ

ሕጉማ ግልጽ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 3 ሕገ መንግሥቱ ካስቀመጠው ሥርዓት ውጭ ሥልጣን መያዝን ይከለክላል። ምን ይገርማል? የትኛውም መንግሥት «ኑና ጣሉኝ» ብሎ ሕግ አያወጣም። የሚገርም ከተባለ የጀርመን ሕገ መንግሥት አለ፤ አንቀጽ 20 ላይ ሕገ መንግሥታዊውን ሥርዓት ሊያፈርስ የሚነሳን ማንንም፣ ሌላ መፍትሔ ከጠፋ፣ የመቃወም መብት ለዜጋው ይሰጣል። ይህ የተጨመረው በ1968 እ.ኤ.አ. ነው። የ1948ቱ (እ.ኤ.አ.) ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫም መግቢያው ላይ ሰዎች በመጨረሻ ተገደው በአምባገነንነት ላይ እንዳያምፁ መብታቸው በሕግ ይጠበቅ ይላል። ልብ በሉ፣ «አምፁ» አላለም። አመፅ የመጨረሻው በር መሆኑን ግን አምኗል።

እናንተ የምትከራከሩት ከሕጉ በስተጀርባ ስላለው ነው፦ ልክ ነው ወይስ አይደለም? በዚህ ላይ የድሮዎቹ ሊቃውንትም አልተስማሙም። ቶማስ አኲናስ ግፈኛን ማውረድ ሁከት አይባልም ብሏል፤ ግን ከማውረዱ የሚመጣው ብጥብጥ ሕዝቡን ከግፈኛው የበለጠ የሚጎዳው ከሆነ ያ ሌላ ነገር ነው ብሎ ገደብ አበጅቶለታል። ጆን ሎክ መንግሥት አደራውን ሲበላ፣ ያውም በአንድ ስህተት ሳይሆን በደሉ ተደጋግሞና ተከታትሎ ዓላማው ሲገለጥ፣ ሕዝቡ የመነሳት መብት አለው አለ። ካንት ደግሞ ማመፅ መብት ሊሆን አይችልም ብሎ ድርቅ አለ፣ ነገር ግን አብዮቱ ከተሳካ አዲሱን መንግሥት መታዘዝ ግዴታ ነው ብሎ ጨመረበት። ለእኔ የካንቱ ያስቀኛል፤ ያሸነፈ ሁሉ ትክክል ሆነ ማለት ነው። ለእናንተ ላያስቅ ይችላል።

ሌላው መጥራት ያለበት «ኃይል» ራሱ ነው። ድንጋይ መወርወርም ኃይል ነው፣ ድልድይ ማፍረስም፣ አንድን ሹም አድብቶ መግደልም፣ በረሃ ገብቶ አሥራ ምናምን ዓመት መዋጋትም። ማንም «ኃይል ይገባል» ሲል «የቱ?» በሉት።

ስድስት ኪሎ

እዚህ ረዘም ያለ ጊዜ ያዙ፣ መታወቂያም አትርሱ፤ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ይጠየቃል።

ሐውልቱ ሥር ጀምሩ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የፋሽስት ኢጣሊያ እንደራሴ ግራዚያኒ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለድሆች ምጽዋት በሚሰጥበት ሥነ ሥርዓት ላይ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩ። ግራዚያኒ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ከዚያ ፋሽስቶቹ ለሦስት ቀን ከተማዋን ፈጇት፤ ሰው ከነቤቱ ተቃጠለ። ከጦርነቱ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ያቀረበው የሟች ቁጥር 30,000 ነው፣ ዝቅ ያለ ቁጥር የሚሰጡ አጥኚዎችም አሉ።

እዚህ ላይ ማንም «አብርሃና ሞገስ አጠፉ» አይልም። የውጭ ወራሪን መውጋት ሌላ ጥያቄ ስለሆነ ለብቻው አስቀምጡት። ብዙ ሰው ሳይታወቀው ከአርበኞች ክብር ይበደርና የገዛ ወገኑን ለገደለ ሰው ያለብሰዋል። እንደዚህ ያለ ነገር ስትሰሙ እዚያው አስቁሙ።

ከሐውልቱ ግን አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ፦ የበቀሉ ደም በማን ይቆጠራል? እኔ ኃጢአቱ የገዳዩ ነው እላለሁ፣ ያለ አንዳች ማመንታት። ሆኖም ቦምብ የሚወረውር ሰው በማግስቱ የማን ቤት እንደሚቃጠል ማሰብ የለበትም ማለት አይደለም። አንዱ ጓደኛችሁ «እንደዚያማ ከሆነ ግፈኛው በጨከነ ቁጥር የሚነካው ይጠፋል» ብሎ ቢነሳ መልስ አዘጋጁ። ከባድ ነው፤ እኔም ሙሉ መልስ የለኝም።

አሁን ግቢው ውስጥ ግቡና ወደ ቤተ መንግሥቱ ሕንፃ ሂዱ፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምና ሙዚየም ያለበት ነው። ታኅሣሥ 1953 ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ብራዚል ነበሩ። የክብር ዘበኛ አዛዡ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድሙ ገርማሜ ንዋይ መኳንንቱንና ሚኒስትሮቹን ሰብስበው ያዙ። አልጋ ወራሹ የመፈንቅለ መንግሥቱን አዋጅ በሬዲዮ አነበቡ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደግፈው ሰልፍ ወጡ። የምድር ጦሩና አየር ኃይሉ ግን ከንጉሡ ጎን ቆሙ፣ ከተማው መሀል ውጊያ ሆነ፣ መሸነፋቸው ሲታወቅ ደግሞ አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ የታገቱት ባለሥልጣናት ላይ ተኩስ ተከፈተባቸው። አሥራ አምስት ያህል ሰው ሞተ።

ይህንን ታሪክ ሲያወሩት አብዛኛው ሰው በጅምላ ነው የሚፈርደው፤ ወይ «ጀግኖች» ወይ «ነፍሰ ገዳዮች»። እናንተ ቆራርጡት።

ምክንያት ነበራቸው ወይ? መሬቱ የባላባት፣ ገበሬው ጭሰኛ ነው፤ አቤት የሚባለው ንጉሡ ዘንድ ነው፤ ንጉሡን የሚያወርድ ምርጫ የለም። ምክንያት ነበራቸው።

ሰላማዊውን በር ሞክረዋል ወይ? ገርማሜ ቢያንስ ሞክሯል። አሜሪካ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ መጥቶ ወላይታ ላይ ሲሾም መሬት ለሌላቸው መሬት ለመስጠት ጀመረ፣ ባላባቶቹ ንጉሡ ዘንድ ከሰሱት፣ ወደ ጅጅጋ ተዛወረ። በሥርዓቱ ውስጥ ሆኖ ለማሻሻል ሞክሮ በሩ የተዘጋበት ሰው ነው። ይህንን ለተቃዋሚው ወገን ስጡት፣ ይገባዋል።

ሕዝቡን ይዘው ነበር ወይ? እዚህ ይላላል። ተማሪው በማግስቱ ነው የሰማው። ጦሩን አላሳመኑም። ገበሬው በስሙ የተነሱለት ሰዎች መኖራቸውንም አላወቀም።

የሳሎኑስ ተኩስ? ተይዞ መሣሪያ የሌለው ሰው ነው። ያ ተኩስ መፈንቅለ መንግሥቱን አላዳነም፣ ለአንድ ጭሰኛ አንድ ጥማድ መሬት አላስገኘም። ከሟቾቹ አንዱ ራስ አበበ አረጋይ ናቸው፣ አምስቱን የጠላት ዓመታት ሸዋ ላይ የተዋጉት አርበኛ። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «አዎ» ስለተባለ የመጨረሻውም «አዎ» አይሆንም። ጓደኞቻችሁ ከዚህ ግቢ ሳይወጡ በዚህ ቢስማሙ ቀሪው መንገድ ይቀላል፤ ካልተስማሙም ቢያንስ የማይስማሙበትን ያውቃሉ።

ከሥላሴ ወደ ኢዮቤልዩ

አምስት ኪሎን በፍጥነት እለፉት። አራት ኪሎ ስትደርሱ ወደ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቡ። ቤተ ክርስቲያን ነውና ድምፅ ቀንሱ፣ ቅዳሴ ካለ ጠብቁ። ንጉሠ ነገሥቱ እዚህ ናቸው፤ ነሐሴ 1967 በእስር ላይ እያሉ ሞተው፣ አጽማቸው በ1984 ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ተቆፍሮ ወጥቶ፣ በ1993 ነው በሥርዓት የተቀበሩት። በግቢው ውስጥ ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት የተረሸኑት ባለሥልጣናትም አሉ። ሰው «ስድሳዎቹ» ይላቸዋል። ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን፣ ከመካከላቸው ናቸው። ፍርድ ቤት አልቀረቡም። ንጉሡን ያወረደው የወታደሮች ኮሚቴ፣ የደርግ፣ አባላት ናቸው የወሰኑባቸው፤ የተገደሉት ከርቸሌ ነው፣ ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ የቆመበት ቦታ።

ቀኑን ያዙልኝ፣ ኅዳር 14። አሁን ወደ ታች ውረዱ። ታላቁን ቤተ መንግሥትና ሒልተንን አልፋችሁ ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ደጃፍ ስትደርሱ ሌላ ቀን አለ፦ መስከረም 2 ቀን 1967። መኮንኖቹ ገብተው የመውረጃውን አዋጅ አነበቡ፣ ንጉሡ በትንሽ ቮልስዋገን ተወሰዱ። ያን ዕለት እዚህ በር ላይ ማንም አልሞተም። አጥሩ ጋ ቆማችሁ አትንጋጉ፣ ጠባቂ አለ፤ እየሄዳችሁ አውሩ።

አብዮቱ የሆነው በየትኛው ቀን ነው? ብላችሁ ጠይቁ። ወደ ኋላ ቁጠሩ። ጥር 1966 ነገሌ ቦረና ላይ ወታደሮች በምግብና በውሃ ጉዳይ አመፁ። የካቲት ላይ መምህራን ሥራ አቆሙ፣ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በነዳጅ ዋጋ ምክንያት አቆሙ፣ ተማሪው ወጣ፣ የአክሊሉ ካቢኔ ወሩ ሳያልቅ ሥልጣን ለቀቀ። በዚያው በየካቲት መጨረሻ የሠራተኛ ማኅበሩ አጠቃላይ አድማ መታ። ሚያዝያ 12 ሙስሊሞች የእኩልነት ጥያቄ ይዘው ታላቅ ሰልፍ ወጡ፣ ክርስቲያኖችም ተቀላቀሏቸው። ሰኔ ላይ ደርግ ተቋቋመ። መፈክሩ «ኢትዮጵያ ትቅደም፣ ያለ ምንም ደም» ነበር፣ እስከ መስከረም ድረስም ከሞላ ጎደል እውነት ነበር። አንድ የሺህ ዓመታት ዘውድ በታክሲ ነጂና በመምህር አድማ ተናጋ። የኅዳሩ ደም የፈሰሰው ካሸነፉ ከሁለት ወር በላይ ቆይቶ ነው።

ይህ ለእኔ የመንገዱ ትልቁ ነጥብ ነው። «ያለ ደም ለውጥ አይመጣም» የሚል ሰው የገዛ አገሩን ታሪክ በተሳሳተ ቀን ነው የሚጀምረው። ስድሳዎቹን መግደል አብዮቱን አላመጣም፤ አብዮቱ መጥቶ ነበር። የመሬት አዋጁ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው፣ ጭሰኝነትን አፈረሰ፤ ትልቅ ነገር ነው፣ አቃልላችሁ አትለፉት። ያ አዋጅ ግን የሰው ሬሳ አልጠየቀም ነበር።

በተቃራኒው የሚቆመው ሰው የሚለው ጠንካራ ነገር አለ፣ ባይኖር እናንተ አምጡለት፦ ከአድማው ጀርባ እኮ ታንክ ነበር። ወታደሩ ባያምፅ ታክሲ ነጂው ብቻውን ምን ያመጣ ነበር? እውነት ነው። ግን ታንክ ቆሞ መታየቱና ታንክ መተኮሱ አንድ አይደሉም። የበለጠ የሚያሳምነኝ ደግሞ ወታደሩ ራሱ ያመፀው የከተማው ሰው የሚያነሳውን የኑሮ ጥያቄ ይዞ መሆኑ ነው። ኤሪካ ቼኖዌትና ማሪያ ስቴፋን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከ1900 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. የተካሄዱ 323 ትግሎችን አነጻጽረው ሰላማዊዎቹ 53 በመቶ፣ የትጥቆቹ 26 በመቶ እንደተሳካላቸው አግኝተዋል። ምክንያት ብለው ካቀረቡት አንዱ ይኼው ነው፦ ሰላማዊ ትግል ብዙ ሰው ያስገባል፣ ብዙ ሰው ሲገባ ወታደሩ መተኮስ ያቅተዋል። ቁጥሩን እንደ ቁርአንና እንደ ወንጌል አትያዙት። ጠመንጃ የሚነሳው ብዙ ጊዜ ሁኔታው ክፉ በሆነበት ቦታ ስለሆነ ነው የሚከሽፈው ብሎ የሚከራከርም አለ።

አፍሪካ አዳራሽ አጠገብ ማንዴላን አንሱ

ጓደኛችሁ «ደቡብ አፍሪካስ?» ማለቱ አይቀርም፣ ስለዚህ ቀድማችሁ አንሱት። የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ ከ1912 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በአቤቱታ፣ በሰልፍና በአድማ ታገለ። በ1960 ሻርፕቪል ላይ ፖሊስ 69 ሰው ገደለ፣ ድርጅቱ ታገደ። በማግስቱ ዓመት የትጥቅ ክንፉ ተቋቋመ። ማንዴላ በእኛ አቆጣጠር በ1954 አዲስ አበባ መጥቶ በአፍሪካ ነጻነት ጉባኤ ላይ ተናገረ፣ ቆይቶም ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና ወሰደ፤ ሲሄድ ታደሰ ብሩ ሽጉጥ እንደሰጡት ይታወቃል።

ከዚህ የሚወሰደው «ማንዴላም ተኩሷል» የሚለው አይደለም። ፍርድ ቤት ቆሞ ያስረዳውን ተመልከቱ፦ አራት አማራጭ ነበሩን፣ ንብረት ማውደም፣ የደፈጣ ውጊያ፣ ሽብርና ግልጽ አብዮት፤ ሰው የማይገደልበትንና ነገ አብሮ የመኖርን ተስፋ የማይዘጋውን የመጀመሪያውን መረጥን አለ። ይህ ማለት ኃይል ከተመረጠ በኋላም ምርጫ አለ ማለት ነው። ደግሞም ማን ፈቀደላችሁ ሲባሉ በአደባባይ የሚታወቅ፣ አባላት ያሉት፣ ክርክር ያደረገ ድርጅት ነበራቸው። የትጥቅ ክንፉ ኋላ ላይ ሲቪል ሰዎች የሞቱበት ፍንዳታም አድርሷል፤ ከአፓርታይድ በኋላ በእውነት አፈላላጊው ኮሚሽን ፊት ተጠይቆበታል። ትክክለኛ ምክንያት ያለውም ይጠየቃል፤ ልዩነቱ መጠየቁን መቀበሉ ላይ ነው።

የታደሰ ብሩን መጨረሻ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ መራር ነው። እሳቸውም በንጉሡ ዘመን አምፀው ታስረው፣ በ1967 ደርግ ረሸናቸው።

መስቀል አደባባይ

ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ሊቀ መንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም እዚህ ቆመው ደም የሚመስል ነገር የያዙ ጠርሙሶች አደባባዩ ላይ ሰብረዋል። ሙዚየሙ ከዚያ ብዙም አይርቅም፣ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ይባላል፣ የተከፈተው በ2002 ነው። ውስጥ ፎቶ በፎቶ ላይ አለ፤ አጽምና ልብስም አለ። አስጎብኚ ካለ ጠይቁ፣ ከዚያ ዘመን የተረፉ ሰዎች ያስጎበኙበት ጊዜ አለ። ውስጥ ሆናችሁ አትከራከሩ። አንብቡና ውጡ።

ሲወጡ የሚነሳው ሙግት ሁሌ አንድ ነው፦ «ማን ጀመረ?» አንዱ ኢሕአፓ ከተማ ውስጥ ግድያ ጀመረ ይላል፣ ሌላው ደርግ ሌላ በር አልተወለትም ነበር ይላል። ሁለቱም የሚሉት አላቸው። መስከረም 1969 በመንግሥቱ ላይ የመግደል ሙከራ ተደርጓል፣ የመኢሶን ሰዎችም ተገድለዋል። መንግሥት «ነፃ እርምጃ» በተባለው ያለ ፍርድ ግድያ የፈጀው ግን በመጠን አይወዳደርም፣ እኩል ናቸው የሚል ካለ ሙዚየሙን ተመልሶ ይይ። በአንድ ቤት አንዱ ወንድም ኢሕአፓ፣ አንዱ መኢሶን፣ ሦስተኛው ወታደር የነበረበት ጊዜ ስለሆነ፣ ይህ ጥያቄ ሲነሳ ምናልባት አጠገባችሁ ያለው ሰው ስለ አጎቱ ነው የሚያስበው።

«ማን ጀመረ»ን በዚህ ቀይሩት፦ ደርግን ማን ማስቆም ይችል ነበር? መስከረም 2 ንጉሡ በወረዱበት አዋጅ ሕገ መንግሥቱ ታገደ፣ ፓርላማው ተበተነ፣ ሰልፍና አድማ ተከለከለ። በአድማ የመጣ ለውጥ የመጀመሪያ ሥራው አድማን መከልከል ነበር። ብዙ ሰው በዚያ ሰሞን ደስ ብሎት ስለነበር አላስተዋለውም። ከኅዳር በፊት፣ ከ1969 በፊት፣ ነገሩ የተበላሸው እዚያ ይመስለኛል። ንጉሡን ማውረድ ትክክል ነበር ብሎ ማመንና ያን አዋጅ መቃወም ይቻል ነበር፤ ጥቂት ሰዎች፣ ተማሪዎችና የሠራተኛ ማኅበሩ ሰዎች፣ «ሕዝባዊ መንግሥት» ብለው ወዲያው ተቃውመዋል። ታሰሩ።

ስለዚህ ማንም «ጠመንጃ ይገባል» ሲላችሁ ምክንያቱን ከመጠየቃችሁ በፊት ይህንን ጠይቁት፦ ካሸነፋችሁ በማግስቱ እናንተን ማን ይከሳችኋል? የት ፍርድ ቤት? ጋዜጣው የማን ነው? መልሱ «እኛ ጥሩ ሰዎች ነን» ከሆነ ምክንያቱን መስማት አያስፈልግም።

ቁጭ ስትሉ

ስታዲየም አካባቢ ወይም ወደ ቦሌ መንገድ ወጣ ብላችሁ ቡና ያዙ። ጋሼ አብረዋችሁ ካሉ መጀመሪያ እሳቸው ይናገሩ፣ አታቋርጧቸው፣ ቢያዝኑም «ግን እኮ» አትበሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው አንድ ነገር ብቻ ይበል፦ አቋሜን የሚያስቀይረኝ ምን ዓይነት ሁኔታ ነው? «ምንም አያስቀይረኝም» ያለ ሰው ሒሳብ ይክፈል።

የዛሬው ጉዳይ የሚነሳው አሁን ነው፣ ከዚህ በፊት አይደለም። ስለ ድሮው ስትከራከሩ የተስማማችሁበትን መለኪያ ለዛሬው ተጠቀሙበት፣ ለራሳችሁ ወገን ሲሆን አታላሉት። የሌላውን ታጣቂ የምትጠይቁትን ሁሉ የእናንተን ጠይቁት፦ በሩ ሁሉ ተዘግቷል ወይ? በማን ስም? ያልታጠቀን ሰው ይነካል ወይ? የገዛ ጥፋቱን ይቀበላል ወይ? መንግሥትንም ጠይቁት፤ ሰላማዊውን በር የሚዘጋ መንግሥት የትጥቁን በር የሚከፍት እሱ ራሱ ነውና፣ ሰላም ስበኩ ሲባል ለታጣቂው ብቻ አይሰበክም። ነገሩ ከከረረ አቁሙ፣ ሒሳብ ጠይቁ፣ ሌላ ቀን አለ።

ለዚያ ለሌላው ቀን የልጅ ኢያሱን ጉዳይ ያዙ። መስከረም 17 ቀን 1909 መኳንንቱ ተሰብስበው አወረዷቸው፣ አቡነ ማቴዎስ ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱት፤ እንደ ሥርዓት የሚቆጠር ነገር ነበረው ማለት ነው። ከወር በኋላ ግን ሰገሌ ላይ ከአባታቸው ከንጉሥ ሚካኤል ጦር ጋር ተዋግተው ብዙ ሰው አለቀ። ፈቃድ የሰጠ አካል ሲኖር ደሙ ይቀልላል ወይ? ያኛውን ከታላቁ ቤተ መንግሥት ጀምሩት።